በጋሼ ካርቶን ውስጥ የተገኘው ፏፏቴ፦ የድሮ ፖስት ካርድን ከፊትም ከጀርባም ማንበብ

የአያቴ ወንድም፣ እኛ ልጆች ሁላችን «ጋሼ» የምንላቸው፣ ባለፈው ዓመት በሐኑካ ሰሞን እዚህ ሐዴራ ውስጥ አረፉ። የተከራዩትን ቤት በወሩ መጨረሻ ማስረከብ ስለነበረብን ዘመድ ተሰብስቦ ማጽዳት ጀመረ። እኔ የደረስኩት ዘግይቼ ነው። ሳሎኑ መሀል ሦስት ትልልቅ ጥቁር የቆሻሻ ከረጢቶች ታስረው ተቀምጠዋል። አንዱን ስፈታው የወረቀት ክምር ነው። ከሥሩ የጫማ ካርቶን ነበር፤ ውስጡም ፎቶዎች፣ የሐኪም ወረቀት፣ የተጣጠፈ የድሮ አንድ ብር እና ስድስት ፖስት ካርዶች። ከዘመዶቼ አንዱ «ኤን ፖ ክሉም፣ ምንም የለበትም፣ ተይው» አለኝ። አራተኛ ከረጢት እንደነበረና ከእኔ በፊት ወደ ታች እንደወረደ የሰማሁት በኋላ ነው። በዚያ ውስጥ ምን እንደነበረ ዛሬም አላውቅም።

ከስድስቱ ካርዶች አንዱ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ነው። አብዛኞቻችሁ ምስሉን ታውቁታላችሁ። በስንቱ ቤታችን ሳሎን ተሰቅሏል፤ በሠርግ አዳራሽ ግድግዳ ላይ፣ በምግብ ቤት የቀን መቁጠሪያ ላይ አይተነዋል። ሰፊ ነጭ ውሃ ከገደል ይወርዳል፣ ከሥሩ ጉም ይነሣል፣ ዳር ዳሩ ለምለም ሣር ነው፣ በአንድ ጥግ ጋቢ የለበሰ ሰው ቆሟል። ያየነው ስለመሰለን ነው መሰለኝ ማንም ቀረብ ብሎ አይመለከተውም። እኔም በታሪክ ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ፣ ሥራዬ የድሮ ወረቀት ማንበብ ሆኖ ሳለ፣ ይችን ካርድ መጀመሪያ ያነበብኳት በስህተት ነው። ስህተቱም ትንሽ አልነበረም። በዚህ ጽሑፍ ስህተቴን እነግራችኋለሁ፤ በዚያውም የድሮ ፖስት ካርድ እንዴት እንደሚነበብ አሳያችኋለሁ። ከእናንተም ቤት እንዲህ ያለ ካርቶን ሳይኖር አይቀርም።

ክፍት የሆነ ደብዳቤ

በዕብራይስጥ ፖስት ካርድ «ግሉያ» ይባላል። የተገለጠ፣ ክፍት የሆነ ማለት ነው። ስሙ ነገሩን በትክክል ይገልጸዋል፤ ፖስታ የለውም፣ ማኅተም የለውም፣ ፖስተኛውም ጎረቤቱም ሊያነበው ይችላል። የመጀመሪያውን የፖስት ካርድ በይፋ ያወጣው የኦስትሪያና የሃንጋሪ ፖስታ ሲሆን ጊዜው ጥቅምት 1869 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ካላመለከትኩ በስተቀር የምጠቀመው የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ነው)። ያኔ ሥዕል አልነበረበትም። ርካሽና አጭር መልእክት መላኪያ ብቻ ነበር። ሥዕል የመጣው ቆይቶ ነው። ሥዕሉ ከመጣ በኋላም ለረጅም ጊዜ ጀርባው በሙሉ ለአድራሻ ብቻ የተተወ ስለነበር ሰዎች ሰላምታቸውን በሥዕሉ ዳር ላይ ያጣብቡ ነበር። ጀርባውን በመስመር ለሁለት ከፍሎ ግራውን ለመልእክት፣ ቀኙን ለአድራሻ መስጠት የጀመረችው እንግሊዝ ናት፤ በ1902። ሌሎቹ አገሮች በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት ተከተሏት። ስለዚህ ጀርባው ያልተከፈለ ካርድ ካገኛችሁ መቶ ዓመት ያለፈው ሳይሆን አይቀርም። ቤተሰባችሁ ቢያስቀምጠውም ባያስቀምጠውም ለባለሙያ አሳዩት።

ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1908 በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ከዚያ ወዲያ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ የተላኩ ካርዶች በአውሮፓ ሰብሳቢዎች እጅ በብዛት ይገኛሉ። እነዚያ የጥንቶቹ ካርዶች የሚያሳዩት ባብዛኛው ንጉሡን፣ መኳንንቱን፣ ገበያውን፣ የባቡር ጣቢያውን ነው። ለጎብኚ የሚሸጠው የተፈጥሮ ውበት፣ የፏፏቴውም ካርድ ጭምር፣ በብዛት የመጣው ቆይቶ ነው። ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

1983 ሲባል የትኛው 1983?

አሁን ወደ ጋሼ ካርድ። በጀርባው በልጅ እጅ፣ በሰማያዊ እስክሪፕቶ፣ እንዲህ ተጽፏል፦

«ለተከበሩ አጎቴ። እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በሬዲዮ የሰማነው ነገር አስጨንቆናል። ደህና መሆንዎን ይጻፉልን። የኛ ነገር ገና ነው። ይህን ውሃ የመረጠችው እምዬ ናት፤ ያውቀዋል ብላለች። የካቲት 3 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ።»

የጻፈችው እናቴ ናት። ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። በቀኝ በኩል አድራሻው አለ። ቴምብሩ ግን የለም። ከጋሼ ልጆች አንዱ በልጅነቱ ቴምብር ይሰበስብ ስለነበር ልጦ ወስዶታል። ቴምብሩ ሲላጥ የፖስታ ቤቱ ማኅተምም አብሮ ሄዷል፤ በማኅተሙ ላይ የነበረው ቀንም እንዲሁ።

እኔ «1983» የሚለውን ሳይ አንድም ጥያቄ አልጠየቅሁም። ጋሼ ሁልጊዜ «በሱዳን በኩል በ1984 ገባሁ» ይሉ ነበር። ካርዱ ግን በ1983 ሐዴራ ደርሷቸዋል። እንግዲህ ጋሼ ዓመቱን ተሳስተዋል፣ ወይም ታሪኩን በሰፊው ከሚታወቀው ጋር አስማምተው ሲነግሩን ኖረዋል ማለት ነው። ይህንኑ ለአንድ ሴሚናር በጻፍኩት ወረቀት ላይ «የቃል ምስክርነት አስተማማኝ አለመሆኑን» ለማሳየት እንደ ምሳሌ አቀረብኩት። ጥሩ ነጥብም አገኘሁበት። «በሬዲዮ የሰማነው ነገር» የሚለው ምን እንደሆነ ስላልገባኝ በወረቀቱ ላይ ዘለልኩት።

ወረቀቱን ለእናቴ በኩራት ስተረጉምላት ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «የኛ 1983 ነው እኮ!» አለችኝ።

ነገሩ ይኸው ነው። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ከአውሮፓው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በሰባት ዓመት፣ ከጥር በኋላ በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው። የካቲት 3 ቀን 1983 ዓ.ም. ማለት የካቲት 10 ቀን 1991 ነው። የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ። ከጥር አጋማሽ አንሥቶ እስከ የካቲት መጨረሻ ድረስ ከኢራቅ የሚተኮሱ ስከድ ሚሳይሎች በቴል አቪቭና በሃይፋ አካባቢ ይወድቁ ነበር። ሐዴራ ደግሞ በሁለቱ መካከል ናት። አያቴ፣ እናቴና ታናናሾቿ በዚያን ወቅት አዲስ አበባ ውስጥ፣ እንደ ሌሎቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ተራቸውን እየጠበቁ ነበር። ወንድሟ በሕይወት መኖሩን የምታውቅበት ሌላ መንገድ አልነበራትም። ስልክ የለ፣ ቤታቸው እንግዳ አይመጣ። ስለዚህ ፏፏቴ ያለበት የቱሪስት ካርድ ገዝታ «ደህና ነህ ወይ?» ብላ ጠየቀችው። ሦስት ወር ከግማሽ ቆይቶ፣ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ማለትም ግንቦት 24 እና 25 ቀን 1991፣ በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ሲመጡ እነሱም መጡ።

ስለዚህ ጋሼ አልተሳሳቱም ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ያንን ስረዳ ጋሼ ካረፉ ሦስት ወር ሆኗቸው ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። እናቴ በኤምባሲው ግቢ ለልጆች በሚሰጠው ትምህርት የዕብራይስጥ ፊደል መማር ጀምራ ነበርና የከተማዋን ስም ራሷ ጽፋዋለች። ዳሌትና ሬሽ እንዴት እንደሚመሳሰሉ ታውቃላችሁ። እሷ አቀያየረቻቸው። ሐዴራ ብላ የጻፈችው ሲነበብ «ሐራዳ» ይሆናል፤ በዕብራይስጥ ሥጋት፣ ጭንቀት ማለት ነው። ፖስተኛው ተረድቶት ካርዱን አድርሷል። እናቴ አሁን ስታየው ትስቃለች። «ያኔ በትክክል ነው የጻፍኩት» ትላለች።

«የኛ ነገር ገና ነው» የሚለውንም ልብ በሉልኝ። ጉዳዩ ጉዞ መሆኑን በስሙ አልጠራችውም። ለምን ብዬ ስጠይቃት «ማንም ያነበዋላ» አለችኝ። ይህ ነው ግሉያ። በክፍት ወረቀት ላይ የጻፈ ሰው የሚለውንም የማይለውንም ይመርጣል። ስለዚህ ካርድ ስታነቡ ያልተጻፈውንም ጠይቁ።

ፊቱስ ምን ይላል?

ጀርባው የቤተሰብ ነው። ፊቱ ግን የሌላ ሰው ሥራ ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት፣ አንድ ፎቶ አንሺ፣ አንድ ማተሚያ ቤት አስበውበት የሠሩት።

ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ዓባይ ከጣና ከወጣ በኋላ ከ40 ሜትር በላቀ ከፍታ ወደ ገደል የሚወርድበት ቦታ ነው፤ በክረምት ሲሞላ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። ጢስ እሳትም ይባላል። ከሩቅ የሚታየው የውሃ ጉም እንደ እሳት ጢስ ስለሚመስል ነው። የውጭ ተጓዦች ስለ እሱ መጻፍ የጀመሩት ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሲሆን ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 አይቶታል። ለአገሬው ሰው ግን ብዙ ጊዜ የአገሩ ወንዝ ነው እንጂ «መስህብ» አልነበረም።

መስህብ የሆነው በ1960ዎቹ ነው። በዚያን ጊዜ በሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት የኢትዮጵያ የቱሪስት ድርጅት ተቋቋመ። «የ13 ወር ጸጋ» የሚለውን መፈክር ያመጡት እሳቸው ናቸው። ድርጅቱ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ አክሱምንና ላሊበላን በአንድ የጉብኝት መስመር አገናኘ። የመስመሩ የመጀመሪያ ማረፊያ ባሕር ዳር፣ የባሕር ዳር ዋና ሥዕል ደግሞ ፏፏቴው ሆነ። ከዚያ በፊትም በ1947 በወጡ የአየር መልእክት ቴምብሮች ላይ ታትሞ ነበር። ንጉሡ ወርደው ደርግ ሲመጣ ብዙ ሥዕል ተቀየረ፤ ፏፏቴው ግን አልተነካም። እንዲያውም በ1976 በወጣው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ገባ። በጋሼ ካርቶን ውስጥ የነበረው ያ ብር ነው። ውሃ ፖለቲካ የለውም ተብሎ ይሆናል፤ ማንም መንግሥት ሊጠቀምበት ይችላል።

የፏፏቴ ካርድ ሲታይ ደግሞ ሁለት ነገር አስታውሱ። አንደኛ፣ ወሩን። የጢስ ዓባይ ካርዶች ባብዛኛው የሚያሳዩት ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረምና ጥቅምት አካባቢ ያለውን ሙሉ ውሃ ነው። ካርዱ የአንድ ወር እውነት ነው፤ እኛ ግን የዓመቱ ሁሉ አድርገን እናየዋለን። ሁለተኛ፣ ነጭነቱን። ፎቶ አንሺው የካሜራውን ዓይን ትንሽ ቆየት አድርጎ ከከፈተው የሚወርደው ውሃ እንደ ጥጥ ባዘቶ ይለሰልሳል፤ በፍጥነት ከዘጋው ጠብታው ሁሉ ለየብቻው ይታያል። ያ «እንደ ሐር የሚፈስ» ውሃ የካሜራ ሥራ ነው፤ በዓይን እንዲህ አይታይም። በዚህ በእስራኤልም ያው ነው። በድሮ ካርዶች ላይ የባንያስ ፏፏቴ ተራራ የሚያክል ይመስላል፤ ሄዳችሁ ስታዩት ቁመቱ 10 ሜትር ያህል ነው።

«ዜ ሃኮል?»

ከሠራዊት ስወጣ ከጓደኞቼ ጋር ኢትዮጵያ ሄጄ ነበር። በየካቲት ወር ጢስ ዓባይ ደረስን። መንገዱ አቧራ ነው። ኮረብታውን ወጥተን ቁልቁል ስናይ በሰፊው ጥቁር ገደል ላይ በአንድ ጥግ ብቻ የምትወርድ ቀጭን ውሃ አየን። አንዷ ጓደኛዬ «ዜ ሃኮል?» አለች። በቃ ይኸው ነው? እኔም አፈርኩ። ማን እንዳሳፈረኝ ግን አላወቅሁም። ካርዱ የዋሸኝ መሰለኝ።

ካርዱ አልዋሸም። በመሀል የሆነ ነገር አለ።

በ1964 ከፏፏቴው አጠገብ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ኃይሉ 11.4 ሜጋ ዋት ነበር። ውሃው ከፏፏቴው በላይ ተጠልፎ በቦይ ይሄድና ከገደሉ በታች ተመልሶ ከወንዙ ይገናኛል። ይህ ትንሽ ስለነበር ፏፏቴውን ብዙም አልጎዳውም። በ1996 ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ የጨረጨራ ግድብ ተሠርቶ ከሐይቁ የሚወጣው ውሃ በበር የሚለቀቅ ሆነ። በ2001 ሁለተኛው ማመንጫ ተጨመረ፤ 73 ሜጋ ዋት። ከዚያ ወዲያ በበጋ አብዛኛው ውሃ ወደ ቦዩ ስለሚገባ ፏፏቴው የሚሳሳበት ጊዜ በዛ። በ2010 ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ተመረቀ፤ 460 ሜጋ ዋት። እሱ ውሃውን ከሐይቁ በምዕራብ በኩል በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይወስደዋል። ያ ውሃ ዓባይን ዞሮ የሚያገኘው ከፏፏቴው በጣም ርቆ ነው። ዛሬ በጢስ ዓባይ የምታዩት ውሃ እንግዲህ በዝናቡም በሰው ውሳኔም ይለካል።

ይህን ስናነብ ቶሎ ለመናደድ እንፈልጋለን፤ «ፏፏቴያችንን ገደሉት» እንላለን። እስቲ በመስኮታችሁ ወደ ባሕሩ ተመልከቱ። የሐዴራ ልጆች ስንሆን ከሩቅ መጥተን ቤታችን መድረሳችንን የምናውቀው በኦሮት ራቢን ረጃጅም ጭስ ማውጫዎች ነው። ያ ጣቢያ እስከ 2,590 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ከመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ከ200 እጥፍ በላይ። ለአሥርት ዓመታት በድንጋይ ከሰል ሠርቷል። እኛ በዚያ መብራት ስር ተቀምጠን የቤት ሥራችንን ሠራን፤ ዋጋው ጭስ ነበር። በጢስ ዓባይ ደግሞ ሰዎች መብራት እንዲያገኙ የውሃው ጢስ ቀነሰ። የቱሪስቱን ሥዕል ለመጠበቅ ሲባል የባሕር ዳር ልጅ በኩራዝ ያንብብ የሚል ሰው ካለ መጀመሪያ የራሱን መብራት ያጥፋ። በሌላ በኩል ግን ፏፏቴውን አይተው በሚሄዱ እንግዶች ይኖሩ የነበሩ የጢስ ዓባይ ሰዎችም ነበሩ፤ ውሃው ሲሳሳ እንጀራቸውም ሳሳ። ጥያቄው ቀላል አይደለም።

ይህ ጥያቄ የኢትዮጵያ ብቻም አይደለም። በዓለም ላይ ብዙ ፖስት ካርድ ከታተመላቸው ፏፏቴዎች አንዱ ናያጋራ ነው። አሜሪካና ካናዳ በ1950 ስምምነት ተፈራርመዋል፤ በጎብኚ ወራት፣ በቀን፣ በፏፏቴው ላይ በሰከንድ ቢያንስ 2,830 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ እንዲያልፍ፣ ሌሊትና በብርድ ወራት ግን ግማሹ እንዲበቃ። የቀረው ወደ ተርባይን ይሄዳል። ማለትም ጎብኚው ሲተኛ ፏፏቴው ይቀንሳል። የናያጋራ ካርድም እንግዲህ በሰዓት የተወሰነ እውነት ነው።

ስለዚህ የጋሼ ካርድ ሳያስበው ሌላ ምስክርነት ሆኗል። ከ1996 በፊት የነበረውን ውሃ ያሳያል። ለተመራማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ካርዱን ያሳተመው መሥሪያ ቤት ጎብኚ ለመጥራት ብሎ ያነሣው ፎቶ ዛሬ የወንዙ ማስረጃ ነው።

«ያገሬን ውሃ ነው የላኩለት»

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። አያቴ ከደንቢያ ናት። ጢስ ዓባይን በሕይወቷ አይታው አታውቅም። ታዲያ ለምን ፏፏቴ? ፖስታ ቤቱ አጠገብ ሌላ ካርድ ጠፍቶ ነው? የጎንደር ግንብም ይሸጥ ነበር። በሴሚናር ወረቀቴ ላይ መልሱን ሳልጠይቃት ጽፌው ነበር፤ «ሥዕሉ ለጎብኚ የተሠራ ስለሆነ ከላኪዋ ሕይወት ጋር ግንኙነት የለውም» ብዬ።

በፋሲካ ሰሞን ካርዱን ይዤ ሄድኩ። አያቴ መነጽሯን አድርጋ ብዙ ጊዜ አየችው። ጣቷን ውሃው ላይ አድርጋ፦

«ይኸ ከየት የሚመጣ ይመስልሻል?» አለችኝ።

«ከጣና» አልኳት።

«ጣናስ ከየት አመጣው?»

ዝም አልኩ።

«መገጭ ነው እንጂ! እኛ ልብስ ያጠብንበት፣ ከብት ያጠጣንበት መገጭ። እሱ ወርዶ ጣና ይገባል፣ ከጣና ዓባይ ይወጣል፣ ከዚያ እዚህ ይወድቃል። ወንድሜ በልጅነቱ መገጭ ውስጥ ሊሰጥም ነበር፤ እኔ ነኝ ያወጣሁት። እና የሰው አገር ሆኖ እሳት ሲወርድበት ምን ልላክለት? ያገሬን ውሃ ነው የላኩለት። ያውቀዋል።»

ቤት ገብቼ ካርታ ከፈትኩ። መገጭ ከጎንደር ተራሮች ተነሥቶ ደንቢያን አቋርጦ ጣና ይገባል። ከጣና የሚወጣው ወንዝ ዓባይ ነው። አያቴ ልክ ናት። ያንን ካርድ ያተሙት ሰዎች ለባዕድ ጎብኚ ብለው አሳተሙት፤ እሷ ግን ከመደርደሪያው ላይ አንሥታ የራሷን ደብዳቤ አደረገችው። «ያውቀዋል ብላለች» የሚለው አንድ መስመር ያን ሁሉ ይዟል፤ ስድስት ጊዜ አንብቤው አልፌዋለሁ።

ከዚያ ቀና ብላ «አሁን ውሃው አለ ወይ?» አለችኝ። በየካቲት ያየሁትን አልደበቅኋትም። «በክረምት አለ፤ በበጋ ለመብራት ይወስዱታል» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ለመብራት ከሆነ…» አለች፤ ዓረፍተ ነገሩን ግን አልጨረሰችውም።

በቤታችሁ ያለውን ካርቶን እንዴት ታነቡታላችሁ?

ከስህተቴ የተማርኩትን ባጭሩ ላስቀምጥ።

መጀመሪያ ቀኑን መርምሩ። በአማርኛ የተጻፈ ዓመት ከሆነ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ብላችሁ ተነሡ። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ጨምሩና ከቤተሰቡ ታሪክ ጋር አስተያዩት። የማይገጥም ነገር ካገኛችሁ ሰውየውን ከመጠርጠራችሁ በፊት ራሳችሁን ጠርጥሩ።

ቴምብር አትላጡ። ማኅተሙ ቀኑንም ከተማውንም ይነግራችኋል።

ፊቱን በአጉሊ መነጽር እዩት። ጥቃቅን የቀለም ነጥቦች ከታዩ በማተሚያ ቤት የታተመ ነው። ነጥብ ከሌለ በፎቶ ወረቀት ላይ በቀጥታ የታጠበ ነው፤ ቅጂው ጥቂት ሊሆን ስለሚችል በጣም ተጠንቀቁለት። ከጀርባው በትናንሽ ፊደል የተጻፈውን የአሳታሚ ስምና የቦታውን መጠሪያ አንብቡ። አገሩ እንዴት እንደተጠራ፣ መሥሪያ ቤቱ ማን እንደሆነ፣ የንጉሡ ዘመን ይሁን የደርግ ይጠቁማችኋል።

ሁለቱንም ገጽ ስካን አድርጉ። ብዙ ሰው ፊቱን ብቻ አንሥቶ ጀርባውን ይተዋል። ጽሑፍ መጨመር ካስፈለጋችሁ በለስላሳ እርሳስ እንጂ በእስክሪፕቶ አትጻፉ፤ በፕላስተር አታያይዙ፤ ገጹ ሙጫ ባለው አልበም ውስጥ አታስቀምጡ። እኛ ባሕር ዳርቻ ነን፤ እርጥበቱን ታውቁታላችሁ። ከውጭ ግድግዳ ራቅ ያለ ደረቅ ቁም ሣጥን ይሻላል። ጀርባው ላይ ያለው ደግሞ የሰው ደብዳቤ ነውና ቤተሰብ ሳትጠይቁ በስልካችሁ አታሰራጩት።

ከሁሉ በላይ ግን ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ። «አያቴ፣ ስለ ዓሊያ ንገሪኝ» ስትሏት ሁልጊዜ የምትነግራችሁን ትነግራችኋለች። ሥዕሉን እጇ ላይ አስቀምጣችሁ «ለምን ይህን መረጥሽ?» በሏት። ከዚያ ዝም በሉና ስሙ።

እኔ የሴሚናር ወረቀቱን አስተካክዬ ለመምህሬ መልሼ ሰጠሁ። ያረምኩት ዓረፍተ ነገር አሁን እንዲህ ይላል፦ ምስክሩ በ1984 መግባታቸውን የተናገሩት ትክክል ነው፤ ስህተቱ የአንባቢዋ ነው። ካርዱ አያቴ ሳሎን ውስጥ ነው ያለው። መስታወት ባለው ክፈፍ አስገብቼ ልሰቅልላት ነበር፤ እሷ ግን እምቢ አለች። «ከተሰቀለ ጀርባው አይታይም» አለችኝ።